የሽንት ቤት ብልሽትና ታማኝ ቧንቧ ሠራተኛ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የቧንቧና የሳኒተሪ ጥገና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኮንዶሚኒየምና በድሮ ግቢ ቤቶች እሠራለሁ። ያስቸገራችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሽንት ቤታችን ታንከር ሌሊቱን ሙሉ ሲንሿሿ ያድራል፣ የውሃ ሂሳባችንም ጨምሯል። አንድ ባለሙያ «የውስጥ ዕቃው በሙሉ ይቀየር» አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ክዳኑን ከፍተሽ እዪው። ውሃው ሞልቶ መሃል ላይ በቆመው ቱቦ አፍ እየገባ ከሆነ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ነው፤ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን የሚዘጋው ማለቴ ነው። ውሃው ከቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ማስተካከል ነው፤ አልዘጋም ካለ እሱ ብቻ ይቀየራል። ውሃው ዝቅ ብሎም የሚፈስ ከሆነ ግን ከሥር ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም የታንከሩን መውጫ የሚደፍነው ጎማ፣ ያሳልፋል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ታንከሩ ውስጥ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም እንዳይጠቀም አድርጊ። ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ጎሚኒው ነው። ሁለቱም በትንሽ ዕቃ የሚድኑ ናቸው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ብክነት ሳይ አዝናለሁ፤ ብዙ ቤት ሮቶው ሲነጋ ባዶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ታንከሩ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው።

መልስ፦ መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ውሃው ሲመለስ አሸዋና ዝገት ይዞ ይመጣል። ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ዝጋና ከሷ ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ተጣጣፊ ቱቦ (ፍሌክሲብሉን) ፍታ። ብዙዎቹ የታንከር ዕቃዎች ቱቦው በሚገባበት አፋቸው ላይ ትንሽ ወንፊት አላቸው፤ አውጥተህ እጠበውና መልሰህ ግጠም።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤቱ ተዘጋ። በረኪና ጨመርንበት፣ እምቢ ሲል አሲድ ልንጨምር ነው። ምን ያህል ይበቃል?

መልስ፦ አትጨምሩ! በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ቀላቅላችሁ ከሆነ አሁኑኑ ከክፍሉ ውጡ፣ ልጆች አይግቡ። አሲድ ካልገባበት ግን ሳህኑ ሞልቶ እንዳይፈስ እየተጠነቀቃችሁ በረኪናውን በውሃ አቅጥኑት። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ በባልዲ ሞቅ ያለ ውሃ ድፉበት። የፈላ አይሁን፣ ሴራሚኩን ይሰነጥቃል። ትንሽ ቆይታችሁ በጎማ መግፊያው ሳታቋርጡ ግፉ። መታጠቢያውም አብሮ ወደ ላይ የሚመልስ ከሆነ የተዘጋው ዋናው መስመር ነው፤ ግቢ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ (ማንሆሉ) ተከፍቶ መታየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ የማወጣው ሞዴስ፣ ዳይፐርና ዋይፕስ (እርጥብ መጥረጊያ) ነው፤ «ውሃ ይወስደዋል» ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን ቅርጫት ውስጥ ይጣል።

ጥያቄ፦ ሰፈሩን ገና መግባቴ ነው። ሳልታለል ሠራተኛ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅርብህ ያለውን የሕንፃ ዕቃ መደብር ጠይቅ። የትኛው ሠራተኛ ደንበኛው ደጋግሞ እንደሚጠራው፣ የትኛውም በየጊዜው ወቀሳ እንደሚመጣበት ያውቃሉ። የሰፈር ሰው መሆኑ ራሱ ዋስትና ነው፤ ነገ ቢያንጠባጥብ የት እንደምታገኘው ታውቃለህ። ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚቆርጥልህን ተጠንቀቅ። ጥሩ ሠራተኛ መጀመሪያ ታንከሩን ከፍቶ፣ ውሃ ለቆ፣ መገጣጠሚያውን ዳስሶ ነው የሚናገረው። የእጅና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ተነጋገሩ። ዕቃውን አብረኸው ሄደህ ግዛ ወይም ደረሰኝ ያምጣ፤ የተፈታውንም አሮጌ ዕቃ ያሳይህ። ለዕቃ መግዣ ቀብድ መስጠት ያለ ነው፤ የእጁን ግን ሥራው ሲያልቅ ክፈል። ከመክፈልህ በፊት ሁለት ሦስቴ ውሃ ልቀቅና በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ደረቅ ሶፍት አስቀምጥ፤ ከረጠበ እንደገና ይሥራው።

አንተም በበኩልህ የተስማማህበትን አትቀንስበት። ይህ ሰው እጁን የሌላ ሰው ቆሻሻ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው፤ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና አቅርብለት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። የቁጢጡን ሽንት ቤት በመቀመጫ ላስቀይርላት አስቤ ዘመድ ዋጋ ላከልኝ። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ እማማ ስላንቺ እንዲመርቁሽ በደንብ ይሠራ። አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ፦ ከቁጢጡ ሥር ያለው ውሃ የሚይዝ ጠመዝማዛ ቱቦ ይወጣል ወይ? መቀመጫው የራሱ ጠመዝማዛ አለው። ሁለቱ ተከታትለው ከቀሩ ቶሎ ቶሎ ይዘጋል። ብዙዎች መስበር ስለማይፈልጉ ይዘሉታል። ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት ቪዲዮ ይላክልሽ። ከመቀመጫው ጎን ግድግዳው ላይ ጠንካራ መያዣ ብረት አብሮ ይተከልላቸው፤ ለጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ ስንገባ ይሸታል፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ግን የለም።

መልስ፦ ሳህኑና የወለሉ መውረጃ ውስጥ ያለው ውሃ ደርቋል። ሽታውን የሚያግደው እሱ ነው። በሁሉም ውሃ ድፉበት። በዚህ ካልጠፋ ወደ ጣሪያ የሚወጣው የመተንፈሻ ቱቦ ይታይ።

ጥያቄ፦ ሴፕቲክ ታንካችን ሞልቷል። አንድ ልጅ ገብቼ በእጄ ላውጣው ብሎ ዋጋ ነግሮናል፣ ከመምጠጫ መኪናው በጣም ይረክሳል።

መልስ፦ እባካችሁ አታስገቡት። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በቅጽበት ራሱን ያስታል፤ ሊያድነው የገባውም አብሮ ይቀራል። ክብሪትና ሲጋራም አጠገቡ አይለኮስ፣ ይቀጣጠላል። ከውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ወይም ከግል አገልግሎት ሰጪ የመምጠጫ መኪና አስመጡ። መኪናው ግቢ የማይገባ ከሆነ ከጉድጓዱ እስከ መንገዱ ያለውን ርቀት ለክታችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የቱቦው ርዝመት እንዲበቃ። እስኪመጣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ልጆችንም ከአካባቢው አርቁ።