የዩ-571 ፊልምና እውነተኛው ታሪክ

ጥያቄ፦ «ዩ-571» የተባለውን የጦርነት ፊልም ከታናናሾቼ ጋር አየነው። አሜሪካኖች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ገብተው ኢኒግማ የሚባለውን የምስጢር መጻፊያ ማሽን ሲማርኩ ያሳያል። በእርግጥ ተደርጓል? ደግሞ በከተማችን ስም የተጠራ የጣሊያን ሰርጓጅ ነበር ይባላል፤ እስኪ ንገሩን።
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ ማሽኑ ተማርኳል፤ የማረኩት ግን እንግሊዞች ናቸው። ቡልዶግ የተባለው አጥፊ መርከባቸው ዩ-110 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ የያዘው እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1941 ነው፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ለመግባት ገና ሰባት ወር ይቀራት ነበር። እውነተኛው ዩ-571 ማንም ሳይማርከው በ1944 ከአየር ተመትቶ ከነሠራተኞቹ ሰጠመ። ፊልሙ መጨረሻው ላይ እንግሊዞችን በጽሑፍ ማንሳቱ ይህን አይክስም።

ከዚህ የባሰው ስህተት ግን ማሽኑን ብቻ ማግነኑ ነው። ፊደል ከሚለዋውጡ ስምንት ተሽከርካሪ ጎማዎች ሦስቱ ተመርጠው ይገቡበታል፤ ምርጫውና ቅደም ተከተሉ በየሁለት ቀኑ፣ ከፊቱ የሚሰኩት አሥር ገመዶች ቦታ በየቀኑ ይቀየራል። ይህን የሚናገረው ከማሽኑ ጋር የሚሰጠው የቅንብር ወረቀት ነው፤ ያለ እሱ ማሽኑ ብቻውን አይጠቅምም። ወረቀቱ ደግሞ ውሃ ሲነካው በሚሟሟ ቀለም የታተመ ስለሆነ መርከቡ ከሰጠመ ምስጢሩም ይጠፋል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይርስ ከእጅ ወደ እጅ በመሰላሉ መውጣት አለበት።

ኦክቶበር 30 ቀን 1942 በሜዲትራኒያን ዩ-559 በተባለው ሌላ የጀርመን ሰርጓጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጀርመኖች በፌብሩዋሪ አራተኛ ጎማ ስለጨመሩ እንግሊዞች የአትላንቲክ ሰርጓጆችን መልእክት ማንበብ ተስኗቸው ነበር። የእንግሊዙ ፔታርድ መርከብ ባልደረቦች ፋሰንና ግሬዚየር በሌሊት ውሃ እየሞላ ባለው ሰርጓጅ ውስጥ ወርደው የምስጢር መጻሕፍቱን አቀበሉ፤ የካንቲኑ ሠራተኛ የ16 ዓመቱ ቶሚ ብራውን እየተቀበለ አወጣ። ሰርጓጁ ድንገት ሲሰጥም ሁለቱ አብረውት ቀሩ። መልእክቱ በዲሴምበር እንደገና መነበብ ጀመረ። ፊልም የሚገባቸው እነዚህ ነበሩ።

ስለ ደሴ የሰማኸው እውነት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቻቸውን 17 ሰርጓጆች «የአድዋ ምድብ» ብላ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ተንቤን፣ መቀሌ፣ ደሴ እያለች በአብዛኛው በወረረችው አገር ቦታዎች ስም ጠራቻቸው። ከምፅዋ የወጣውን «መቀሌ» ጠላት አላገኘውም፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ሜቲል ክሎራይድ ጋዝ ሾልኮ ሠራተኞቹን መረዛቸው፤ ሽታው እምብዛም አያስጠነቅቅም። ጁን 1940 ሱዳን ጠረፍ አጠገብ መሬት ነክቶ ቀረ። «ደሴ» 60 ሜትር ርዝመትና ስድስት የቶርፒዶ መተኮሻ ነበረው፤ ኖቬምበር 28 ቀን 1942 ከአልጄሪያ ጠረፍ ፊት ለፊት በአንድ የአውስትራሊያና በአንድ የእንግሊዝ አጥፊ መርከብ ተመትቶ ሰጠመ።