«ዱጋዞን» የድምፅ ዓይነት ከመሆኗ በፊት ሰው ነበረች

ጥያቄውን ላላያችሁት በአጭሩ፦ ጠያቂያችን አንድ የፈረንሳይ ኦፔራ ኖታ ላይ ከገጸ ባህርይዋ ስም ጎን «ዡን ዱጋዞን» የሚል ጽሑፍ አግኝተው፣ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ማለት ነው ወይስ ሜዞ (መሐለኛው የሴት ድምፅ) ብለው ጠይቀዋል። በተጨማሪም የ18ኛው ክፍለ ዘመን የኦፔራ ኮሚክ ተዋናይት የሙያ ጉዞ ላይ ጽሑፍ ለማዘጋጀት አስበው ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ገብቷቸዋል። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ መመለስ ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዱጋዞን የሰው ስም ነው። ሉዊዝ ሮዛሊ ሌፌቭር በ1755 በርሊን ተወለደች። አባቷ የዳንስ መምህር ነበር። ማዳም ዱጋዞን የተባለችው በ1776 የኮሜዲ ፍራንሴዙን (የፓሪሱ የንግግር ድራማ ቴአትር ቤት) ተዋናይ ዣን ሄንሪ ጉርጎን ስታገባ ነው። «ዱጋዞን» የእሱ የመድረክ ስም ነበር። ትዳሩ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፣ ስሙ ግን ከእሷ ጋር ቀረ። «ዡን ዱጋዞን» ማለት ወጣቷ ዱጋዞን ማለት ሲሆን፣ «ሜር ዱጋዞን» ደግሞ እናቲቱ ዱጋዞን ማለት ነው። ሁለቱም በቁማቸው የድምፅ መጠን አይለኩም። የሚናገሩት ስለ ሚና ዓይነት ነው። ፈረንሳዮቹ ይህን «አምፕሉዋ» ይሉታል፤ አንድ ተዋናይ በቴአትር ቤቱ ውስጥ የያዘው የሚና ዘርፍ ማለት ነው። የአምፕሉዋን ነገር ያልጨበጠ ሰው የዚያን ዘመን የማንኛዋንም ተዋናይት ታሪክ ሲጽፍ የሐሜት ስብስብ ይሆንበታል፤ የሚሳሳተውም አብዛኛው ሰው እዚሁ ላይ ነው።

እሷ ብቻ አይደለችም። በአፍንጫው የሚዘፍነው አስቂኝ ቴኖር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) «ትሪያል» የተባለው በአንቷን ትሪያል ነው። ሽማግሌና ሞኝ ሞግዚት የሚጫወተው «ላሩዌት» በዣን ሉዊ ላሩዌት ስም ተጠራ። «ባሪቶን ማርተን» የሚባለውም የሰው ስም ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ «አንድ ትሪያል፣ አንድ ዱጋዞን እንፈልጋለን» ቢባል የገጠር ከተማ ቴአትር ቤት ምን ዓይነት ሰው መቅጠር እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል። ለተግባር የሚሆን መልስ ከፈለጉ፣ ዡን ዱጋዞን የተባለ ሚና አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሶፕራኖ ይዘፍነዋል፤ መሐለኛው ድምፅ ላይ የሚቀመጥ፣ ጣሪያ የሚነካ ኖታ የማይበዛበት፣ ንግግሩ ግን ረጅም ነው። ሜር ዱጋዞን ወደ ሜዞ ያዘነብላል። ከስያሜው ይልቅ ዜማው አብዝቶ የሚውልበትን ድምፅ ቆጥረው ይወስኑ።

አሁን ወደ ሙያ ጉዞው። ኦፔራ ኮሚክ ማለት የግድ የሚያስቅ ኦፔራ ማለት አይደለም። በዜማዎቹ መካከል በንግግር የሚሄድ ኦፔራ ማለት ነው። በፓሪሱ ትልቁ ኦፔራ ቤት የሚታየው ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፈናል፤ የመዝፈን መብቱም በንጉሡ ፈቃድ የዚህ ቤት ብቻ ስለነበር ሌሎች ቴአትር ቤቶች ለመዝፈን ገንዘብ ይከፍሉት ነበር። በየገበያው ሜዳ ያደገው ኦፔራ ኮሚክ በ1762 ከኮሜዲ ኢታሊየን («የጣሊያን ኮሜዲ» ቴአትር ቤት) ጋር ተዋሀደ። ስለዚህ በዶክመንት ላይ «የጣሊያን ኮሜዲ ተዋናይት» የሚል ሲያገኙ ጣሊያናዊት ናት ብለው እንዳይጽፉ። ቤቱ የሚጫወተው ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጥ በፈረንሳይኛ ነበር፤ የጣሊያኖቹ ክፍል በ1779 ማብቂያ ላይ ሲሰናበት ስሙ ብቻ ቀረ።

አንዲት ልጅ ወደዚህ ቤት የምትገባው በደረጃ ነው። ሮዛሊ በ12 ዓመቷ በ1767 በዳንስ ገባች። በ1769 አቀናባሪው ግሬትሪ «ሉሲል» በተባለው ሥራው ውስጥ አንዲት አጭር ዜማ ሰጣት። በ1774 ደግሞ በዚያው በግሬትሪ «ሲልቨን» ውስጥ በተዋናይትነት በወጉ ተፈተነች። ይህ ፈተና «ዴቡ» ይባላል። ዴቡ የሚፈቀደው በንጉሡ ቤተ መንግሥት ሹማምንት፣ «የመኝታ ክፍሉ ቀዳሚ ባላባቶች» በሚባሉት ፊርማ ነው። ተፈታኟ በጥቂት የታወቁ ሚናዎች ትታያለች፣ ሕዝቡ ይፈርዳል፣ ከዚያ በደመወዝ ትቀጠራለች ወይም ትሰናበታለች። ስለዚህ ለአንዲት ተዋናይት ሁለት ሦስት «መጀመሪያ» ሊኖራት ይችላል፦ በዳንስ የወጣችበት፣ የመጀመሪያ ዜማዋን የዘፈነችበት፣ በዴቡ የተፈተነችበት። መጻሕፍቱ በቀን የሚጣሉት አንዱ አንደኛውን፣ ሌላው ሌላውን ስለሚቆጥር ነው። እርስዎ የትኛውን እንደቆጠሩ በግልጽ ይጻፉ።

ከደመወዝ በላይ ያለው ደረጃ ባለድርሻነት ነው። ቴአትር ቤቱ እንደ ማኅበር ነበር የሚተዳደረው። ከገቢው ላይ ለሆስፒታሎች የሚከፈለው የድሆች ግብር፣ የሻማው፣ የሙዚቀኛው፣ የዘበኛው ወጪ ይነሣና የተረፈው በድርሻ ይከፋፈላል። አዲስ ገቢ ሙሉ ድርሻ አያገኝም። ሩብ ይሰጠዋል፣ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ ሙሉ ይወጣል። ድርሻ የሚለቀቀው አንድ ሰው ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ስለሆነ፣ ሕዝብ የሚያጨበጭብላት ልጅ ለዓመታት ሩብ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። በዚያ ላይ ለልብስ ከራሷ ኪስ ብዙ ታወጣለች። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ደመወዝን ከድርሻ ጋር አንድ አድርጎ «በዓመት ይህን ያህል ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ይከፈላት ነበር» ብሎ መደምደም ነው። ድርሻ ቤቱ ሲሞላ ይወፍራል፣ ሲራቆት ይከሳል።

የቴአትሩ ዓመት የሚቆጠረው ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ነው። ቤቱ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ተዘግቶ ይቆይና የሚከፈተው በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ነው። የቅጥር ውል የሚታደሰው፣ ድርሻ የሚጨመረው፣ ስንብት የሚጸድቀው በዚህ የመዘጊያ ወቅት ነው። ይህን ካወቁ ብዙ ቀኖች ራሳቸውን ይገልጣሉ። ለምሳሌ አዲሱ ሕንፃ፣ ሳል ፋቫር፣ የተመረቀው ኤፕሪል 28 ቀን 1783 ነው። የዚያ ዓመት የፈረንጆች ፋሲካ ኤፕሪል 20 ስለነበር ኤፕሪል 28 በትክክል የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። (ያ ሕንፃ ቢቃጠልም፣ በቦታው ዛሬ ያለውም ጀርባውን ለቡልቫሩ፣ ለሰፊው አውራ ጎዳና፣ ሰጥቶ ነው የቆመው። የመጀመሪያው ሕንፃ እንዲያ የተሠራው ተዋንያኑ ከቡልቫር ጨዋታ ቤቶች ጋር እንዳይቆጠሩ ስለፈለጉ ነው።)

ማዳም ዱጋዞን ግን በምን ገነነች? በድምፅ ቅልጥፍና አይደለም። ማስረጃው በሚና ድልድሉ ላይ ነው። በግሬትሪ «ቅናተኛው አፍቃሪ» (1778) ውስጥ ጉሮሮ የሚፈትነው የሌኦኖር ዜማ ለማዳም ትሪያል ተሰጠ፤ ዱጋዞን ገረዲቱን ዣሴንትን ተጫወተች። አቀናባሪዎቹ ማን ምን እንደሚችል ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና ልክ እንደ ልብስ ሰፊ በልኳ ነው የሠሩላት። በ1783 የገጠሯን ባቤትን በ«ብሌዝና ባቤት»፣ በ1784 ሎሬትን በ«ሪቻርድ አንበሳ ልብ» ውስጥ ተጫወተች። የሎሬት ዜማ ትንፋሽ እያጠራት የምትናገር ልጅ ዜማ ነው፤ ሌሊት ላይ እሱን ማነጋገር እፈራለሁ ትላለች፣ ሐረጎቹ አጭር አጭር ናቸው፣ ልቧ ሲመታ ይሰማል። ቻይኮቭስኪ ከመቶ ዓመት በኋላ አሮጊቷን ኮንቴሳ በ«ስፔድ ንግሥት» ውስጥ ወጣትነቷን ስታስታውስ ያዘፈናት ይህንኑ ነው።

ቁንጮው «ኒና» ነው፤ ሜይ 15 ቀን 1786፣ ድርሰቱ የማርሶሊዬ፣ ሙዚቃው የዳሌራክ፣ አንድ ገቢር ብቻ። ኒና ፍቅረኛዋ ከተቀናቃኙ ጋር አንድ ለአንድ ሲፋለም የሞተ መስሏት አእምሮዋ የተነካ ልጅ ናት። በየቀኑ እቅፍ አበባ ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቀዋለች። ዜማው ማንም ሊያንጎራጉረው የሚችል ነው። ውዴ ሲመለስ ፀደይ ይመጣል፣ ሣሩ ያብባል እያለች ትሄድና ድንገት ታቆማለች፤ ትመለከታለች፤ «ሄላ፣ ሄላ» (ወየው፣ ወየው) ትላለች፤ ውዷ አልመጣም። ነገሩ ሁሉ ያለው በማቆሟ ውስጥ ነው። ይህን ዜማ ዛሬ የሚዘፍኑ ብዙ ተማሪዎች ሦስት ነገር ያበላሹበታል፦ ጌጥ ይጨምሩበታል፣ ዝምታውን ይቸኩሉበታል፣ በፊቱና በኋላው ያለውን ንግግር ቆርጠው ዜማውን ብቻ ያቀርባሉ። ንግግሩ ሲቆረጥ ልጅቷ ያበደች መሆኗ ይጠፋና ተራ የናፍቆት ዘፈን ይሆናል። አለባበሷን ማየት ከፈለጉ ሠዓሊዋ ቪዤ ለብሩን በ1787 በኒና ልብስ ሥላታለች፤ ነጭ ቀሚስ፣ አበባ፣ የሆነ ድምፅ የሰማ ሰው አኳኋን። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅጂ ሲፈልጉ «ኒና» ብለው ቢጠይቁ በብዛት የሚመጣልዎት የፓይዚዬሎ የ1789ቱ የጣሊያንኛ ሥራ ነው። ታሪኩ አንድ ነው፣ ሙዚቃው ሌላ።

የእኔ ግምት፣ ሙያዋን ያረዘመው ከኒና ይልቅ ቀጥሎ ያደረገችው ነው። በዚያው በ1786 ማዳም ሴን ኦባን የምትባል ወጣት መጣች፤ የልጃገረድ ሚናዎች አዲስ ባለቤት አገኙ። አብዛኛዋ ተዋናይት እዚህ ላይ ወይ ትጣላለች ወይ ትወጣለች። ዱጋዞን አምፕሉዋዋን ቀየረች። በ1800 የቦየልዲዩ «የባግዳድ ካሊፍ» ሲታይ የልጅቷ እናት ሌማይድ ሆና ነው የወጣችው። «ዡን» እና «ሜር» የሚሉት ሁለት ስያሜዎች ከአንዲት ሴት የወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በመካከሉ አብዮቱ አለ። በፌብሩዋሪ 1792 ንግሥት ማሪ አንቷኔት በተገኘችበት ምሽት ዱጋዞን ገረድ ሆና ስትጫወት «እመቤቴን እንዴት እወዳታለሁ» የሚለውን ስንኝ ወደ ንግሥቲቱ መቀመጫ ዞራ ዘፈነችው፤ አዳራሹ ተረበሸ። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከመድረክ ራቀች፤ ተመልሳ እስከ 1804 ሠራች፤ በ1821 ሞተች። ታሪኩ መድረክ የሚያሞቅ ስለሆነ ጸሐፊዎች ሁለት ገጽ ይሰጡታል፤ እኔ ብሆን ሁለት መስመር ይበቃዋል እላለሁ። ይልቅ የጥር 1791 ሕግ ማንም ቴአትር ቤት እንዲከፍት መፍቀዱ፣ የፌዶ ቴአትር ተቀናቃኝ ሆኖ መነሣቱ፣ ሁለቱ ቤቶች ተዳክመው በ1801 መዋሀዳቸው የድርሻ ገንዘቧን በቀጥታ የነካ ነገር ነው።

ከእሷ ቀድማ የነበረችውን ዡስቲን ፋቫርን (1727–1772) ከመረጡ ደግሞ ችግሩ የባሰ ነው። ማርሻል ሞሪስ ደ ሳክስ እንዴት እንዳሳደዳትና በገዳም እንዳስዘጋባት የሚተርከው ታሪክ ሙያዋን ሁሉ ይውጠዋል። የሠራችው ግን ተጨባጭ ነው፦ በ1753 ባስቲየንን ስትጫወት እንደ ቤተ መንግሥት እመቤት ሳትሆን እንደ ገጠር ልጅ ቀላል ቀሚስ ለብሳ፣ የእንጨት ጫማ ተጫምታ ወጣች። በ1761 ለ«ሦስቱ ሱልጣናዎች» ልብስ ከቁስጥንጥንያ አስመጣች። በ1762 የታየው «አኔትና ሉቤን» በእሷ ስም ነው የታተመው።

ፍለጋውን ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚናዎቹን ዝርዝር ይሥሩ። የታተመው ሊብሬቶ (የኦፔራው የቃላት መጽሐፍ) የመጀመሪያ እትም ብዙ ጊዜ ከገጸ ባህርያቱ አጠገብ የተዋንያኑን ስም ይዘረዝራል፤ ኋላ የታተመው ግን የተኪዎቹን ስም ሊይዝ ስለሚችል የእትሙን ዓመት ሳያዩ አይቅዱ። ከ1777 ወዲህ «ዡርናል ደ ፓሪ» ዕለታዊ ጋዜጣ ስለሆነ ማታ ማታ ምን እንደታየ ያወጣል፤ ከዚያ በፊት ላለው ወርኃዊውን «ሜርኩር ደ ፍራንስ» ይመልከቱ። ሁለቱም በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት፣ በጋሊካ፣ በነጻ ይገኛሉ። ሲፈልጉ ሌፌቭርን በሁለት ሦስት አጻጻፍ ይሞክሩ፤ ከ1776 በፊት «ማድሟዜል ሌፌቭር»፣ ከዚያ ወዲህ «ማዳም ዱጋዞን» ናት። ከ1793 መጨረሻ ጀምሮ ቀኖቹ አብዮቱ ባወጣው አዲስ የሪፐብሊኩ አቆጣጠር ስለሚጻፉ ሳይቀይሩ አይመዝግቡ። «ዱጋዞን» የሚለውን ስም ያለ ማዳም ካገኙ ደግሞ የቴአትር ቤቱን ስም ይዩ፦ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ከሆነ ባልየው ነው፣ ከ1800 ወዲህ የሙዚቃ አቀናባሪ ተብሎ ከተጠቀሰ ልጇ ጉስታቭ ነው።