ልጄ ዓመት ሳይሞላት አረገዝኩ፤ ጽንሱ ይጎዳብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው። የመጀመሪያ ልጄ 11 ወሯ ሲሆን አሁን የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እያጠባሁ ስለነበርና የወር አበባዬም ስላልተመለሰ አረግዛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ክትትል አልጀመርኩም። የእርጉዝ ወተት ልጅ ያሳምማል ስለተባልኩ ልጄን ከ10 ቀን በፊት ጡት አስጣልኳት፤ ከዚያ ወዲህ ከስታብኛለች። ራስ ምታት ሲበረታብኝ የእናቴን የደም ግፊት ኪኒን ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። በዕድሜዬና በመቀራረቡ ምክንያት የሚወለደው ልጅ ይጎዳ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከዕድሜዎና ከወራቱ ቁጥር በላይ ጎልቶ የታየኝ «ሁለቱንም ልጆቼን በደልኩ» የሚለው ጭንቀትዎ ነው። አልበደሉም። በእርስዎ ዕድሜ፣ በተቀራረበ እርግዝናም ጭምር፣ ጤናማ ልጅ ወልደው የሚስሙ እናቶች እጅግ ብዙ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወራት እንድትቆይ ይመክራል። አንዱ ምክንያት እርግዝናና ማጥባት ያራቆቱት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክምችት በአጭር ጊዜ የማይመለስ መሆኑ ነው፤ ሰውነቷ ሳያገግም ያረገዘች እናት ለደም ማነስ ትጋለጣለች፣ ልጁም ከ37 ሳምንት በፊት ወይም ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። እርስዎ ያረገዙት ከወለዱ 7 ወር ገደማ ላይ ነው። ያንን ማራዘም አይቻልም፤ ደም ማነስ ካለ ግን በቀሩት ወራት ማከም ይቻላል። ዕድሜን በተመለከተ ብዙዎች የሚፈሩት ዳውን ሲንድረም (ከልጁ ጋር አብሮ የሚወለድ የአእምሮና የአካል እድገት መዘግየት) እናቲቱ 35 ዓመት ሲሆናት ከ350 ልደቶች በአንዱ፣ 40 ሲሆናት ከ100 በአንዱ ገደማ የሚታይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በዚህ ዕድሜ የሚበረታው የደም ግፊትና የስኳር መጨመር ነው፤ ሁለቱም በክትትል ይደረስባቸዋል።

አሁን ስለ ጡቱ ልናገር፤ ማኅፀን ውስጥ ካለው ይልቅ ዛሬ ለአደጋ የቀረበችው የ11 ወሯ ሕፃን ናትና። የእርጉዝ ወተት ልጅ ያስቀምጣል፣ ያከሳል የሚባለው ፍጹም ስሕተት ነው። እርግዝናው ሲገፋ ወተቱ ይቀንሳል፣ ጣዕሙ ይለወጣል፣ ቀስ በቀስም ወደ እንገር ይመለሳል፤ ሕፃኗን የሚጎዳ ነገር ግን አይገባበትም። ማጥባቱን ስለ ማቆም የምንነጋገረው ደም ለሚፈሳት ወይም ቀደም ሲል ያለ ጊዜዋ ለወለደች እናት ነው፤ ያም ቢሆን ሐኪም አይቶ ነው። ታዲያ ሰው የሚያየው የልጅ ክሳት ከየት ይመጣል? እናት እርግዝናዋን ባወቀች ማግስት ጡቷን ሬት ትቀባለች፤ ልጁ በድንገት ጡት ይጥላል፤ በምትኩ በውሃ የቀጠነ አጥሚት በጡጦ ይሰጠዋል። አጥሚቱ ጉልበት አይሰጠውም፣ በደንብ ያልጸዳው ጡጦ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣበታል። ጎረቤት ክሳቱን በትክክል አይቷል፣ ምክንያቱን ግን ስቷል። ስለዚህ ደም ካልፈሰሰዎትና ያለ ጊዜዎ ወልደው ካላወቁ ዛሬውኑ መልሰው ያጥቧት። እምቢ ብትል እንኳ ደጋግመው ይሞክሩ፤ ከጎኑ ቅቤ ወይም ዘይት የገባበት ገንፎ፣ እንቁላል፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የፈላ ወተት በኩባያ ይስጧት። በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወስደው የክንዷን ዙሪያ ያስለኩ፤ ልኩ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ መለኪያው ቀዩ ላይ ካረፈ በዚያው ቀን ሕክምና መጀመር አለባት።

የኪኒኑን ነገር ግን በለዘብታ ማለፍ አልችልም። የሌላ ሰው የግፊት መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይዋስም! በየቤቱ ከሚገኙት መካከል ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በተለይ ከ4ኛው ወር ጀምሮ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የሽርት ውሃውንም ያደርቃሉ። ሁለት ጊዜ በመውሰድዎ ብቻ ጽንሱ ተጎድቷል ብዬ አልሰጋም፤ ሦስተኛ ጊዜ ግን እንዳይኖር፤ የኪኒኑንም ማሸጊያ ለሐኪም ያሳዩ። ያ ራስ ምታት ግፊትዎ ሳይለካ የሚታለፍ አይደለም፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ መድኃኒት አለ። ከ5ኛው ወር በኋላ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ቢመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።

ክትትል በ12 ሳምንት ውስጥ መጀመር ነበረበት፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ 4 ወር መቆየት ተገቢ አይደለም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ደምዎ፣ ሽንትዎና ግፊትዎ ይታያል፤ የጽንሱን አካል በአልትራሳውንድ በደንብ ለማየትም ከ18 እስከ 22 ሳምንት ያለው ጊዜ ምቹ ነው። የሚሰጥዎትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ ይዋጡ፤ ቡናና ሻይ ብረቱን እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ከኪኒኑ ያርቋቸው። የመጀመሪያ ልጅዎን በኦፕራሲዮን ወልደው ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይናገሩ፤ ልደቶቹ ስለተቀራረቡ ጠባሳው በምጥ ጊዜ ሊቀደድ ይችላልና፣ የሚወልዱት ኦፕራሲዮን ማድረግ በሚችል ሆስፒታል መሆን ይኖርበታል።

ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ሌትና ቀን ከጡት በቀር ምንም ሳይሰጠው ሲቀርና የወር አበባ ሳይመለስ ሲቆይ ብቻ ነው፤ አንዱ ከጎደለ አይታመንም። ለሚቀጥለው ግን ከወለዱ በኋላ ወደ ቤት ሳይመለሱ በክንድ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ወይም ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ማስገባት ስለሚቻል፣ ከባለቤትዎ ጋር ተመካክረው ምርጫዎን ለአዋላጇ ከአሁኑ ይንገሯት።