መልስ፦ ላንቃው ክፍት ሆኖ የተወለደን ሕፃን ስለ መመገብ

እህቴ፣ ከመሐል ሜዳ የጠየቁት ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደው የ12 ቀን ልጅዎ ጡት መሳብ ስላቃተው ምን እንደሚያደርጉ ነው። ልጁ በአብዛኛው የሚቸገረው በመሳብ እንጂ በመዋጥ ስላልሆነ፣ ወተትዎን በንጹሕ ስኒ አልበው፣ ቀና አድርገው ታቅፈው፣ የስኒውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ አስነክተው ራሱ በምላሱ እየላሰ እንዲጠጣ ይታገሡት እንጂ አደራ፣ አይጋቱት። ጥቂት ወተት በአፍንጫው ቢመለስ አይደንግጡ፤ አሳርፈው ይቀጥሉ። ክብደቱን በየሳምንቱ በጤና ጣቢያ ያስመዝኑ፤ ካልጨመረ ወይም ሲጠጣ ትንታ ከበዛበት ሳይዘገዩ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይውሰዱት። ከንፈሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ ላንቃው ደግሞ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ በቀዶ ሕክምና ይገጠማል። ልጁ እንዲህ የሆነው በግርዶሽ ነው እያለ ጎረቤት የሚያወራው እውነት አይደለም፤ ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም።