ዳር ቆሞ የሚያየው ልጅ የት ሄደ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚሸማቀቁ ልጆች፣ እነሱ ራሳቸው «ቡሊ ተደረግን» ስለሚሉት ነገር የተጻፉ የወጣቶች ልቦለዶች። አራቱን መርጫለሁ።

«የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ‹ወንደር›ን እያነበቡ ነው። እሱም ክፍል ውስጥ ይቀለድበታል። ይጠቅመዋል?»

ይጠቅመዋል፣ ግን ለብቻው አይተዉት። የአር. ጄ. ፓላሲዮ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን፣ ፊቱ ከሌሎች ልጆች የተለየ ሆኖ ስለተወለደው ኦጊ ይተርካል። ልብ ይነካል። የማይዋጥልኝ መጨረሻው ነው። ኦጊ ሜዳሊያ ይሸለማል፣ አዳራሹ ተነስቶ ያጨበጭብለታል፣ ዋናው አስጨናቂው ደግሞ ከዚያ ትምህርት ቤት ይለቃል። የእርስዎ ልጅ ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ ያው ልጅ ያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ደግሞስ እንደ ኦጊ ጎበዝና ታጋሽ ያልሆነ ልጅ፣ ሲሰድቡት መልሶ የሚሳደበው፣ እሱስ ሊከበር አይገባውም? አንብቦ ሲጨርስ «ሜዳሊያው ባይኖርስ?» ብለው ይጠይቁትና ዝም ብለው ያዳምጡት።

«አስተማሪ ነኝ። የነዚህ መጽሐፎች ትልቁ ጉድለት ምንድን ነው?»

ለኔ፣ ዳር ቆሞ የሚያየው ልጅ መረሳቱ ነው። አጥቂ አለ፣ ተጠቂ አለ፣ ቀሪው ክፍል እንዳለ እንደ ግድግዳ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ የተማሪዎችን ጨዋታ ሜዳ በቪዲዮ ቀርጸው ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ውጤት አለ። ከጥቃቶቹ 88 በመቶው ሲፈጸም ሌሎች ልጆች እዚያው ነበሩ። መሃል የገቡት በ19 በመቶው ብቻ ነው። ሲገቡ ግን 57 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። አስር ሰከንድ!

ይሄ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሳኝ በራሴ ምክንያት ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለን አረንጓዴ ሹራቧ ክርኑ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ ልጅ ነበረች። «ጥልፍ» የሚል ስም ወጣላት። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ሳቅኩ፣ በቃ። ሰሌዳ ላይ ስትጠራ በአንድ እጇ እየጻፈች በሌላው ክርኗን ትሸፍን ነበር፤ ጠመኔው ሲወድቅባት ለማንሳት እጇን ከክርኗ ላይ ማንሳት ስላለባት ዝም ብላ ቆመች፣ እኛም እስክታነሳው ጠበቅን። ያን ቀን ከመካከላችን አንዳችን ተነስተን ጠመኔውን ብናነሳላት ምን ነበረበት?

ስለኔ ዓይነቷ ልጅ የተጻፈ ከፈለጉ የኤሊኖር ኤስተስ «መቶው ቀሚሶች» አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ለትንንሽ ልጆች የተጻፈ ነው፣ ግን አሥራዎቹ ውስጥ ላሉትም ይሆናል። ሁሌ ያንኑ የነተበ ሰማያዊ ቀሚስ የምትለብስ የፖላንድ ስደተኞች ልጅ ይሳቅባታል፤ ታሪኩን የምናየው ግን ባብዛኛው በአጠገቧ ቆማ ዝም ባለችው በማዲ ዓይን ነው። ማዲ ደፍራ ለመናገር ስትወስን ልጅቷ ከነቤተሰቧ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ለተማሪዎችዎ ያንብቡላቸው።

«የ15 ዓመት ልጄ ‹አሥራ ሦስት ምክንያቶች›ን ማንበብ ትፈልጋለች። ልከልክላት?»

የጄይ አሸር መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 2007) ማለትዎ ነው። መከልከሉ አያዋጣም፣ ተደብቃ ታነበዋለች። አብረው ያንብቡት። ራሷን ያጠፋች ልጅ ምክንያቶቿን በካሴት ቀርጻ ትታለች፣ ጎድተውኛል ያለቻቸውም በየተራ ይሰሟታል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ሞት ሰሚ ማግኛ መንገድ ሆኖ ይታያል። የሞተ ሰው ግን ማን እንደሰማው አያውቅም። ኔትፍሊክስም ከመጽሐፉ በሠራው ተከታታይ ድራማ ውስጥ የነበረውን ራስን የማጥፋት ትዕይንት እ.ኤ.አ. በ2019 ቆርጦ አውጥቶታል። ልጅዎን በግልጽ «እንዲህ አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። አሜሪካ ከሆናችሁ ራስን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው እርዳታ በሚያገኝበት የስልክ መስመር፣ በ988፣ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል።

«አዲስ አበባ ነኝ፣ 19 ዓመቴ ነው። ስለሚሸማቀቅ ልጅ በአማርኛ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ከምን ልጠንቀቅ?»

ጎሽ! አስጨናቂውን ደደብ፣ ግዙፍና ቤቱ የሚገረፍ ልጅ ብቻ አታድርገው። እንዲያ ያለም አለ፤ ግን የክፍል አለቃውን አስበው፣ መምህራን የሚወዱትን፣ ደብተሩ ንጹሕ የሆነውን፣ ጮሌውን፣ «ረባሽ» ብሎ የሚጽፈውን ስም እሱ የሚመርጠውን። ደወል ሲደወል ታሪኩን አትጨርሰው፣ ማታ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይቀጥላል። አንድ መምህር መጥቶ በአንድ ንግግር ሁሉን እንዲፈታልህም አታድርግ። ከኋላ ወንበር የሚስቀውን ልጅ ደግሞ ስም ስጠው፣ ቤቱ ድረስ ተከተለው፣ እራት ላይ እናቱ «ዛሬ ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ስትለው ምን እንደሚመልስ ጻፍ። ያንን ምዕራፍ ስትጨርስ ላክልኝ፣ አነበዋለሁ።