ሊድስ ሄርሂልስ ስለመኖር የጠየቃችሁኝ

«ለንደን በኪራይ አለቅን፣ ወደ ሰሜን እንምጣ ወይ?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ተቀምጬ ልመልስ። የምኖረው ሊድስ ውስጥ ሄርሂልስ የሚባል ሰፈር ነው። ከመሃል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ገደማ። እዚህ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። ሁለቱንም ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ ስለሆነ ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እውነት ኪራዩ ያን ያህል ይረክሳል ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ ይረክሳል። እኔም ለንደን ቶተንሃም አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ኩሽና ውስጥ ከአራት ሰው ጋር ስጋፋ ኖሬ ነው የመጣሁት። እዚያ ለአንድ ክፍል የምትከፍሉት ገንዘብ እዚህ ሁለት መኝታ ያለው ቤት፣ የራሱ በር ያለው ቤት ያስገባችኋል። ግን ኪራዩን ብቻ አታስሉ። ካውንስል ታክስ (ለከተማው አስተዳደር የሚከፈል የቤት ግብር)፣ ጋዝ፣ መብራት፣ ውኃ ለየብቻ ይመጣል። እዚህ ሰፈር አብዛኛው ቤት ካውንስል ታክሱ ዝቅተኛው እርከን ላይ ነው፣ ባንድ ኤ። በቤቱ ያለው አዋቂ ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ 25 በመቶ ይቀነሳል። ይህን ግን ራሳችሁ ካላመለከታችሁ ማንም መጥቶ አይቀንስላችሁም። ስንት ሰው ሳያውቅ ሙሉውን ሲከፍል አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ለምንድነው የሚረክሰው? የሆነ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

መልስ፦ አንዱ ምክንያት ቤቶቹ ናቸው። ባክ ቱ ባክ ይባላሉ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ቤቶች ማለት ነው። ድሮ ለፋብሪካ ሠራተኛ በቀይ ጡብ የተሠሩ ናቸው። በግራም በቀኝም በኋላም ያለው ግድግዳ የጎረቤት ነው። መስኮትና በር ያለው በፊት ለፊት ብቻ ነው። ጓሮ የለም። መንግሥት በ1909 እንዲህ ያለ ቤት እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር፣ ሊድስ ግን እስከ 1937 ድረስ መሥራቱን ቀጠለች። ለዚህ ነው እዚህ ከተማ እስከ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር የሚገኘው።

ጓሮ ስለሌለ ልብስ የሚሰጣው መንገድ ላይ ነው። ፀሐይ በወጣ ቀን ገመዱ ከአንዱ ቤት ግድግዳ ወደ ማዶው ይዘረጋል፣ አንሶላና የልጆች ካልሲ ከአናታችሁ በላይ ይውለበለባል። መኪና ከመጣ አንዷ እናት ወጥታ ገመዱን በረጅም እንጨት ከፍ ታደርግለታለች፣ ሾፌሩም እጁን አውጥቶ ያመሰግናል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቆሜ ቀረሁ፣ አገሬ ያለሁ ነው የመሰለኝ።

ጥያቄ፦ ቤት ላይ ልመጣ ነው። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ይህችን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው። የመጀመሪያው ቤቴ ሲታይ ነጭ በነጭ ተቀብቶ ያበራ ነበር። በነሐሴ ገባሁ። በኅዳር የልጄን አልጋ ሳንቀሳቅስ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ አገኘሁት፣ እጄን ሳሳርፍበት እርጥብ ነው። አከራዩ ሻጋታውን ሳያክም ቀለም ደርቦበት ነበር። ልጄ ያን ክረምት ሙሉ ስትስል ከረመች።

ስለዚህ ስትሄድ አፍንጫህን ይዘህ ሂድ። በሩን ከፍተህ እንደገባህ እርጥበት እርጥበት የሚል ሽታ ካለ ሌላውን ማየት አያስፈልግህም። ቁም ሣጥን ካለ ከጀርባው እጅህን አስገብተህ ግድግዳውን ዳስ። ምድር ቤቱንና ጣሪያ ሥር ያለውን ክፍል ሳታይ አትውጣ፣ ከሁሉም የሚበርደው ጣሪያ ሥር ያለው ነው። የረድፉ ጫፍ ላይ ያለ ቤት ከመሃል ካለው ይበልጥ ይበርዳል፣ ምክንያቱም መሃል ያለውን ጎረቤት በሦስት በኩል ያሞቅለታል። ቦይለሩን፣ ውኃ የሚያሞቀውን ማሽን፣ አስነሳና ግድግዳው ላይ ያለው ማሞቂያ ራዲያተር ሲሞቅ በእጅህ አረጋግጥ። ጋዝና መብራቱ ቅድሚያ የሚከፈልበት ካርድና ቁልፍ ከሆነም ቀድመህ እወቅ። የቤቱን የኃይል ደረጃ ወረቀት ጠይቅ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ «ኢ» ከሚባለው ደረጃ በታች የሆነ ቤት ማከራየት በሕግ አይቻልም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ2019 የወጣ ሕግ አለ። ዲፖዚት፣ ለመያዣ የምታስቀምጠው ገንዘብ ማለት ነው፣ ከ5 ሳምንት ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ «ለቤት ማሳያ»፣ «ለወረቀት» ብሎ ማስከፈልም ክልክል ነው። ዲፖዚቱ በ30 ቀን ውስጥ በተፈቀደለት ጠባቂ ድርጅት መመዝገብ አለበት። ወረቀቱን እጅህ ላይ ሳታይ እንዳትተኛ። የራሳችን ሰው ቢሆን እንኳ በጥሬ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አትስጥ፣ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ልጄ ነርስ ናት፣ ሴንት ጀምስ ሆስፒታል ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው። ሰፈሩ ለብቻዋ ሴት ይሆናል? ሁከት ነበር ብለው አስፈራሩኝ። አዲስ አበባ ሆኜ ልቤ አልረጋ አለ።

መልስ፦ አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔም እዚያው ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ በጽዳት ጀምሬ አሁን ዋርድ ላይ፣ ሕመምተኛ የሚተኛበት ክፍል፣ ረዳት ነኝ። የሰፈሩ ሰው ጂሚስ ይለዋል። ከሄርሂልስ በእግር የሚደረስ ነው፣ ለሷ ትልቅ ጥቅም ይሆናታል።

ሁከቱ እውነት ነው። በጁላይ 2024 ማኅበራዊ አገልግሎት የአንድ ቤተሰብ ልጆችን ሲወስድ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ የፖሊስ መኪና ተገልብጦ፣ አውቶቡስ ተቃጥሎ ነበር። ያን ሌሊት እኔም ልጆቼን ይዤ ኋላ ክፍል ተቀምጬ ነው ያነጋሁት። ሲነጋ ግን የሰፈሩ ሰው መጥረጊያ ይዞ ወጣ። አስፋልቱን ሲጠርጉ ከነበሩት አንዷ እኔ ነኝ። ቴሌቪዥን እሳቱን ደጋግሞ አሳየ፣ መጥረጊያውን ብዙም አላሳየም።

በየቀኑ ያለው ችግር ሌላ ነው፦ አንዳንድ ጥግ ላይ ዕፅ የሚሸጡ ልጆች፣ እንደ እብድ የሚነዳ መኪና፣ መንገድ ላይ የሚጣል ፍራሽ። ልጅዎ የማታ ሺፍት ስትወጣ በትልቁ መንገድ ትሂድ፣ በቤቶቹ መሃል በሚያልፈው ጠባብ መተላለፊያ፣ ጂነል በሚሉት፣ በጨለማ አትግባ። እኛ ከሺፍት የምንወጣ ሴቶች ሁለት ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው፣ ካልሆነ ታክሲ እንጋራለን። ስትደርስ በዚሁ ትጻፍልኝ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ከኔ ጋር ትሄዳለች።

ጥያቄ፦ ጤፍና በርበሬ ይገኛል? ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ልማር ነው።

መልስ፦ ይገኛል። ሄርሂልስ ሌንና ራውንድሄይ ሮድ ላይ የፓኪስታኑ፣ የኩርዱ፣ የሩማንያው፣ የሐበሻው ሱቅ ጎን ለጎን ነው። ሽንኩርት በጆንያ፣ ኮሰረትን የሚያህል ነገር ሳይቀር ጠይቀህ ታገኛለህ። ለአትክልትና ለሥጋ ግን ከተማ ውስጥ ያለውን ከርክጌት ገበያ እመርጣለሁ፣ በተለይ ሊዘጉ ሲሉ ዋጋ ይጥላሉ። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የሚባለው ትልቁ የሱቅ ድርጅት የተጀመረው እዚያ ገበያ ነው፣ በ1884 ማይክል ማርክስ የሚባል አይሁዳዊ ስደተኛ በአንድ ፔኒ ዕቃ ሲሸጥ። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።

ተማሪው የሚበዛው ሃይድ ፓርክና ሄዲንግሊ ነው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ቢሆንም ይወደዳል። ከዚህ ሆኖ መማር ይቻላል፣ ግን ባቡርም ትራምም ስለሌለ በአውቶቡስ ብቻ ነው፣ ጠዋት ይጨናነቃል። የሊድስ ትራም በ1959 ከተዘጋ ወዲህ እስካሁን ምትክ አልተሠራለትም።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነኝ፣ ቤተሰብ ይዤ ልመጣ ነው። ብርዱ? ትምህርት ቤቱ?

መልስ፦ ከብርዱ ይልቅ ጨለማው ነው የሚከብደው። ዲሴምበር ላይ በኛ አቆጣጠር ከሰዓት 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መብራት በርቷል። በጁን ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ብርሃን አለ። ያኔ ራውንድሄይ ፓርክ እንወጣለን። ከ700 ኤከር በላይ ነው፣ ሐይቅ አለው፣ መግቢያ አይከፈልም።

ለትምህርት ቤት የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን አታሳልፉ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ኦክቶበር 31፣ ለአንደኛ ደረጃ ጃንዋሪ 15። በዓመቱ መሃል ከመጣችሁም ማመልከት ይቻላል፣ ግን ክፍት ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ራቅ ሊል ይችላል። እንግሊዝኛ ቤቱ የማይናገር ልጅ እዚህ ብርቅ አይደለም፣ መምህራኑ ለምደውታል። ጂፒ፣ የሰፈር ሐኪም ማለት ነው፣ ጋ ለመመዝገብ ደግሞ መታወቂያም የአድራሻ ማስረጃም ግዴታ አይደለም። «አምጪ» ካሉሽ በትህትና ይህንኑ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ነዋሪው እንግዳ ይቀበላል? ዘረኝነትስ?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተሰድቤያለሁ፣ ሁለቱም ከሰፈሬ ውጭ ነው። እዚህ ሁሉም ከሆነ ቦታ የመጣ ነው። አጠገባችን ቻፕልታውን አለ፣ የካሪቢያን ሰዎች በ1967 የጀመሩት ካርኒቫል በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ በኛ በኩል ያልፋል። እንግሊዞቹ አሮጊቶች ደግሞ የማያውቁትን ሰው ሁሉ «ላቭ» ብለው ይጠራሉ፣ የኔ ፍቅር እንደማለት ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩም እንዲሁ ይላል፣ አትደንግጡ።

ጥያቄ፦ አሁን ሥራሽ ጥሩ ነው። ለምን የተሻለ ሰፈር አትገቢም?

መልስ፦ ባለቤቴም ይጠይቀኛል። ማዶ ያሉት ፓኪስታናዊት እናት በረመዳን በየማታው አንድ ሳህን ይልኩልናል። ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ እኔም ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ስተኛ ልጆቼን ያበሉልኝ እሳቸው ናቸው። ሌላ ሰፈር ቤት አይቼ መጥቻለሁ፣ ጓሮ ነበረው። በሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ስቆም ግን አንድ ሰው እንኳ አላለፈም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ መጥቼ ልየው?

መልስ፦ ና። ቀን ቤቱን እይ፣ ከዚያ ግን ወዲያው አትመለስ። ማታ 3 ሰዓት ላይ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ዙር ሂድ፣ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚሰማ፣ መብራቱ እንደሚሠራ አይተህ ነው የምትፈርመው። አንድ መንገድ አልፎ ሌላ ሰፈር የገባህ እስኪመስልህ ድረስ ይለያያል። ካፖርት አትርሳ።