ካንዴላው በየሳምንቱ ለምን ይጠቁራል?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳትን አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል አስጠግኜ ጅማ ውስጥ እየሠራሁባት ነው። ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋ አይረጋም፤ ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላዋም በየሳምንቱ ጥላሸት ይለብሳል። ወደ ጊቤ በረሃ ስወርድባት ግን በደንብ ትሄዳለች። አንዱ መካኒክ የበለጠ ሙቀት የሚይዝ ካንዴላ እንዳስገባ፣ ሌላው ካርቡሬተሩን እንዳለ እንድቀይር መከሩኝ። የማንን ልስማ? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ሁለቱንም ምክሮች ለጊዜው ያቆዩአቸው። ሞተሯ ጊቤ ስትወርድ የሚሻላት ከሆነ፣ ሕመሟ ከአየሩ ይልቅ ነዳጁ መብዛቱ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ነዳጁን በዚያው በለመደው ቀዳዳ ያሳልፋል። ያም ሆኖ ከፍታው ብቻውን ካንዴላን በሳምንት አያጠቁርም። ስለዚህ አስቀድመው የአየር ማጣሪያው በአቧራ አለመታፈኑን፣ ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት የሚሳበው ቾክ ሙሉ በሙሉ መመለሱን፣ በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊም ነዳጁን በጊዜ መዝጋቱን ይመርምሩ።

ካንዴላን ለማንበብ ደግሞ ሥርዓት አለው። ሚኒሞ ላይ ቆማ ስትንተከተክ ከቆየች ሞተር የወጣ ካንዴላ የሚናገረው ስለ ሚኒሞ ብቻ ነው። በመመሪያው የታዘዘውን ዓይነት አዲስ ካንዴላ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር አድርገው ያስገቡ፤ ተሽከርካሪ በማይበዛበት ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን ግማሽ ያህል ይዘው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ ከዚያ ፍሪሲዮን ይዘው በዚያው ቅጽበት ሞተሩን ያጥፉና ዳር ይዘው ይቁሙ። ሲበርድ ፈትተው ነጩን ሸክላ እስከ ሥሩ ድረስ በብርሃን ይመልከቱ፤ የሚታመነው ሥሩ ነው። ማኪያቶ የመሰለ ቀለም የጤና ነው። ደረቅና ለስላሳ ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል። እርጥብና የሚያብለጨልጭ ጥቁረት ግን ከፒስተን ቀለበት ወይም ከቫልቭ የሚያልፍ ዘይት ስለሆነ ካርቡሬተር በመነካካት አይድንም። ሸክላው እንደ ኖራ ነጥቶ ነጠብጣብ ካወጣ ነዳጁ አንሷል ማለት ነውና ፒስተን እስከ መብሳት ስለሚያደርስ ወዲያውኑ ይቁሙ። የዛሬው ሊድ አልባ ቤንዚን እንደ ድሮው ደማቅ ቀለም አይተውምና መገርጣቱ ብቻ አያስደንግጥዎ።

ደረቅ ጥላሸት ካገኙ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ የምትወጣና የምትወርደውን መርፌ ያውጡ። መርፌዋን የያዘችውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ላይ ቢያደርጉ መርፌዋ ዝቅ ትልና በመካከለኛ ፍጥነት የሚገባው ነዳጅ ይቀንሳል። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡ የሚወስነው ከታች ያለው ትልቁ የነሐስ ቀዳዳ ሲሆን፣ እሱን አንድ ቁጥር ብቻ ዝቅ አድርገው እንደገና ይፈትኑ። ለሚኒሞ ያለችውን ትንሽ ብሎን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች አየርን ስለምትቆጣጠር ሲያላሏት ነዳጁ ይሳሳል፣ በሞተሩ በኩል ከሆነች ግን ነዳጅን ስለምትቆጣጠር ሲያላሏት ይበዛል። ካቻቢቴ ከማንሣትዎ በፊት በየትኛው በኩል እንዳለች ይለዩ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያደረጉ ድምፁ የሚረጋበትን ቦታ ይፈልጉ።

ሙቀት የሚይዘው ካንዴላ ጥላሸቱን ቢያቃጥለውም የበዛውን ነዳጅ አይቀንሰውም፤ ረጅም ዳገት ላይም ከልክ በላይ ሊግል ስለሚችል እኔ አልመክረውም። ለጅማ ያስተካከሏት ሞተር ጊቤ ወርዳ የበለጠ አየር ስታገኝ ነዳጅ ሊያንሳት ስለሚችል፣ መጀመሪያ ሲወርዱ እዚያው ቆመው ካንዴላውን ይዩት፤ ነጥቶ ካገኙት የመርፌዋን ቅንጥብ ወደ ነበረበት እርከን ይመልሱት።